የጆሮ ጥጥ

ሽመና ክፍል ውስጥ ሰው በስሙ አይጠራም፤ ይነካል።

ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲነሡ አጠገብህ ያለው ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ቢጮህ አትሰማውም። ስለዚህ የክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ በከንፈር ያወራል። ድምፅ ሳያወጣ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ያኛው ያነብበታል። ጀርባውን የሰጠህን ሰው ትከሻውን አንዴ መታ ታደርገዋለህ፣ ይዞራል። ክንዱን ሁለቴ ጨምቀህ ከያዝከው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአንድ ሰው እጅ ማሽን ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ክንዱ የተጨመቀ ሰው አይጠይቅም፣ አይጮህም። ማሽኑን አቁሞ የሚሉትን ይጠብቃል።

እኔ ጆሮዬን እዚያ ክፍል ጨርሼ ወጣሁ። ፋብሪካው አላባረረኝም፤ በር ላይ ጥበቃ አደረገኝ። ደንቆሮ ዘበኛ ምን ሊጠቅም ነው ብለው የሳቁ ነበሩ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አዲሶቹ ሠራተኞች ሽመና ክፍል መሥራቴን አያውቁም። ፊቴ ቆመው በከንፈራቸው አለቃውን ያማሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደ ጀመረ ያወራሉ። ማንበብ እንደምችል ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰው ጉዳይ ውስጥ መግባት አልወድም። ማየት ግን ልማዴ ነው።

ይህን የምታውቀው የልጅ ልጄ ነበረች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ልጄ ነው የምላት። እሷም ሸማኔ ናት። ከእሷ ሌላ ያወቀችብኝ ጓደኛዋ ጭራሮ ብቻ ናት።

ጭራሮ ያሏት ከቅጥነቷ ነው። ምላሷ ግን ወፍራም ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ በሩ ላይ ቆማ ለልጄ በከንፈር፣ “አለቃችን ሲመጣ መጀመሪያ ቦርጩ ይደርሳል፤ እሱ ከምሳ በኋላ ይከተላል” አለቻት። ሳላስበው ሳቅሁ።

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

“አባባ! ይሰማሉ እንዴ?”

“አልሰማም።”

“ታዲያ ምን አሳቀዎት?”

“ጥርሴን አሞኝ ነው።”

“ውይ እኒህ ሽማግሌ! ስንቱን ጉድ ይዘው ተቀምጠዋል!” ቀጥላ ድምፅ ሳታወጣ፣ “አልናገርብዎትም። ግን አለቃው እኔን ሲያማኝ ይነግሩኛል” አለች።

“አልነግርሽም።”

“ንፉግ!”

ከዚያ በኋላ ባለፈች ባገደመች ቁጥር አንድ ቀልድ ሳትጥልብኝ አታልፍም። ምስጢሬን ግን ለማንም አላወጣችም።

ልጆቹ ሲሠሩ ጆሯቸውን በጥጥ ይደፍናሉ። ጭራሮ ጥጧን በቀይ ክር ትጠመጥመው ነበር፤ ክሩን የተረተረችው ከእናቷ አሮጌ ሹራብ ነው። እንዳይጠፋብኝ ነው ትላለች። ማሽኑ ከቆመም በኋላ ጆሮ ውስጥ መጮሁን ስለማይተው፣ ጥጡ መኖሩን ረስተው እንደ ደፈኑት ወደ ቤት የሚሄዱ ብዙ ናቸው። እናቷ በዚህ ትጨቀጭቃት ነበር። “መኪና ይገጭሻል፣ አውጪው!” ትላታለች። እሷ ደግሞ፣ “እማዬ፣ መኪናው ራሱ ይፈራኛል” ትላለች።

ከፋብሪካው እስከ ሠፈራችን ያለው መንገድ በመጋዘኖች መካከል ያልፋል። አጥሩ ረጅም ነው፤ መብራቱ ግማሹ አይሠራም። እዚያ መንገድ ላይ ከፋብሪካችን ልጆች አንዷ ታንቃ ተገኘች። ብዙም ሳይቆይ ሌላዋ ተደገመች። ከዚያ ሌላ። ሁሉም ወጣት ናቸው። ፖሊስ በመጋዘኖቹ ያሉትን ጥበቃዎች ሁሉ ጠየቀ፤ ጩኸት የሰማ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ እንዴት አንዷ እንኳ አትጮህም?

ያኔ መካኒኩ አንድ ሐሳብ አመጣ። ማሽኖቹን የሚጠግነው እሱ ነው፤ የመጣው እኔ ከሽመና ክፍል ከወጣሁ በኋላ ነው። ቀልደኛ ነው፤ ሴቱን ሁሉ እህትዬ ነው የሚለው። ማሽን ሲበላሽ፣ “እህትዬ፣ አኩርፈሽው መሆን አለበት፤ እስቲ ይቅርታ ጠይቂው” ይላል። የሰው ቤት በር ሲወልቅ መፍቻውን ይዞ ሄዶ በነፃ ይሠራል። ወንዶቹን ሰብስቦ፣ “እህቶቻችን ሲያልቁ ቆመን አናይም፤ በየተራ እንሸኛቸው” አላቸው። እሺ አሉ። ልጆቹ በእሱ ተራ ለመሄድ ይሻሙ ነበር። እኔም እግዜር ይስጥህ ብዬዋለሁ።

ጭራሮ የሞተች ቀን የሚሸኛት ሰው ታሞ ቀረ። “በሩጫ እደርሳለሁ” አለች። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ጥቂት ከራቀች በኋላ ጆሮዋ ላይ ቀዩን ክር አየሁት። ጥጥሽን አውጪ ብዬ ጮህኩ። ጀርባዋን ሰጥታ ነበር፤ አልሰማችም። የእኔም ድምፅ ከአፌ ይውጣ አይውጣ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ከመጋዘኑ ግንብ ሥር አገኟት።

እናቷ ቤት ለልቅሶ ተቀመጥን። ክፍሉ ጠባብ ነው። ግድግዳውን ተከትሎ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ከበሩ ፊት ለፊት የዕቃ ቁም ሣጥን አለ፤ ከላዩ ላይ የጭራሮ ፎቶግራፍ ቆሟል። ፎቶው ላይ ልትስቅ ስትል ነው የተነሣችው። ልጄ ለሰዉ ውኃ ታድላለች።

እናቷ አጠገቤ ነበረች። ከንፈሯን እያየሁ ነው የምሰማት።

“አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል” አለችኝ። “ሲያመጧት ጆሮዋ ላይ ጥጥ አልነበረም። ያን ቀን እንኳ ሰምታኛለች።”

ጥጡ ጆሮዋ ላይ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። ወድቆ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሁለቱም? ክር ተጠምጥሞበት፣ ጠብቆ የገባ ነገር?

ያኔ ነው ዓይኔ መካኒኩ ላይ ያረፈው።

ከማዶ ካለው ወንበር ላይ፣ ፎቶው አጠገብ ተቀምጧል። ጎንበስ ብሏል። አንድ እጁ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው። ዓይኑ ፎቶው ላይ ነው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መሰለኝ፤ ሌላውም ሰው እንደዚያ መስሎታል። ሽመና ክፍል የኖረ ሰው ብቻውን ሲሆን ሐሳቡን በአፉ ይሠራዋል፤ ድምፅ ስለሌለው ማንም የሚያውቅበት አይመስለውም። እኔም እንደዚያ አደርጋለሁ። ክፍሉ ውስጥ ከነበረው ሰው አብዛኛው የሠፈር ሰው ነው። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። እኔ ደግሞ ለእሱ ደንቆሮ ዘበኛ ነኝ።

ሳልፈልግ አነበብኩት።

“ጥጥሽ እኔ ጋ ነው” አለ ለፎቶው። “ቀዩ ክር። ትከሻሽን መታ ሳደርግሽ ስቀሽ ዞርሽ። ከጓደኞችሽ አንዷ መስዬሽ። ጥጡን ያወጣሁልሽ ድምፄን እንድትሰሚኝ ነው። ሰማሽኝ አይደል? እስከ መጨረሻው ሰማሽኝ።”

በእጄ የያዝኩትን ብርጭቆ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

ለምን እንዳልጮሁ ገባኝ። የፋብሪካ ልጅ ከኋላዋ ትከሻዋ ሲነካ አትደነግጥም። የሥራ ባልደረባ ነው ብላ ትዞራለች።

ልጄ ውኃ ይዛ በፊቱ አለፈች። ዓይኑ ተከተላት። ከንፈሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ። “ይቺ ነጭ ጥጥ ናት” አለ። “ዛሬ እሸኛታለሁ። ዛሬ መንገዷን ብቻ አያለሁ።”

ከዚያ ቀና አለና እኔን አየኝ።

ዓይኔን ብነሣ ያውቅብኛል። ስለዚህ አላነሣሁም። አሮጌ ሰው ፊቱን ወደ አንድ ነገር ሰክቶ እንደሚቀር ፊቴን እሱ ላይ ተውኩት። እሱ ድምፅ ሳያወጣ፣ ቀስ ብሎ፣ “አንተ ሽማግሌ” አለኝ። “ታነባለህ እንዴ?”

ዓይኔን ጨፈን ገለጥ አደረግሁ። አዛጋሁ።

“ልጅህን ብነካት ምን ታደርጋለህ?”

ወደ ብርጭቆዬ አጎነበስኩና ውኃ ጠጣሁ።

እስካሁን ድረስ፣ ያን ጊዜ ለምን አልጮህክም የሚሉኝ አሉ። ብጮህ ምን ይሆናል? ቤቱ እሱን በሚወድ ሰው ሞልቷል። አንድ ደንቆሮ ሽማግሌ በከንፈር አየሁ ሲል ሐዘን አናወዘው ይባላል። እሱ ጥጡን መጣያ አያጣም። ልጄ ነገም በዚያ መንገድ ትሄዳለች፤ እሱም ማወቄን ያውቃል።

ለልጄ እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። ጮክ ብዬ ብናገር ይሰማል። በከንፈር ብናገር ያነባል። ለማንሾካሾክ ደግሞ ድምፄን መመጠን ካቃተኝ ቆይቷል፤ ቀስ ያልኩ ሲመስለኝ ጎረቤት ይሰማኛል።

መካኒኩ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ “አባባ፣ እየመሸ ነው” አለኝ። “ልጅቷን እኔ ላድርሳት። እርስዎ ከጭራሮ እናት ጋር ይቆዩ።”

“እሺ ወንድሜ፣ ነጠላ ጫማዬን ብቻ ላድርግ” አለችው ልጄ። ደስ ብሏት ነው። ሰዉም አንገቱን እየነቀነቀ መረቀው።

ተነሣሁና ወደቅሁ።

መውደቁ ውሸት ነበር። ልጄ ሮጣ አቀፈችኝ። በካፖርቴ ሥር፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ክንዷን ያዝኩና ሁለቴ ጨመቅሁት። እስኪያማት ድረስ ጨመቅሁት።

ቀጥ ብላ ቆመች። አየችኝ። አልጠየቀችም።

“አባባን አሞታል” አለች ለሰዉ። “ክሊኒክ ልውሰደው።”

“እኔ እደግፋቸዋለሁ” አለ መካኒኩ።

እንዲህ ሆነን ወጣን። እሱ በቀኜ፣ ልጄ በግራዬ። ጣቶቹ ብብቴ ሥር ገብተው ያዙኝ፤ ረጃጅምና ጠንካራ ጣቶች ናቸው። የማሽን ዘይት ይሸታል። ፀሐይ ጠልቃ ነበር። መንገዱ ላይ ሰው ይመላለሳል፤ አንዲት ሴት ልብስ ከገመድ ላይ ታወርዳለች፤ ሱቁ ገና ክፍት ነው። ሰው ባየሁ ቁጥር ልጩህ እላለሁ፤ መልሼ እተወዋለሁ።

የሚያወሩትን አልሰማም። እጁ ሲነቃነቅ፣ ትከሻው በሳቅ ሲናጥ ጎኔ ላይ ይታወቀኛል። አፉን ለማየት ግን መዞር አለብኝ። ብዞር ማንበቤን ያውቃል። ስለዚህ መሬት መሬቱን እያየሁ ሄድኩ። ምን እንደሚላት አላውቅም። ምን እንደምትመልስለትም አላውቅም። የማውቀው የልጄን እጅ ብቻ ነው፤ ክንዴን የያዘው እጇ በረዶ ሆኗል።

አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ግራ ክሊኒኩ ነው። ወደ ቀኝ የመጋዘኖቹ አጥር ይጀምራል፤ ያ ለቤታችን አቋራጭ ነው። መካኒኩ ቆመ። ወደ ቀኝ ሳበኝ። ቤታቸው ቢያርፉ ይሻላል ብሎ መሆን አለበት። ልጄ ወደ ግራ ሳበችኝ። ለትንሽ ጊዜ እንደ ገመድ በሁለቱ መካከል ተወጠርኩ። ያኔ ሆዴን ይዤ አቃሰትኩና መንገዱ ላይ አስመለስኩ። ይህኛው ውሸት አልነበረበትም። ጫማው ላይ ፈሰሰ። ለቀቀኝ፤ ልጄ ወደ ግራ ይዛኝ ሄደች። ከኋላችን ተከተለ።

የክሊኒኩ ነርስ ትልቅ ሴትዮ ናት፤ ሠፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። አልጋ ላይ አስተኛችኝ፤ ልጄን አስገብታ እሱን ውጭ ጠብቅ አለችው። መጋረጃውን ሳበች። መጋረጃው ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ መሬት አይደርስም። ከሥሩ የመካኒኩ ጫማ ይታያል።

ልጄ ጎንበስ ብላ ድምፅ ሳታወጣ ጠየቀችኝ። “የማን እጅ ነው የገባው?”

“የጭራሮ” አልኳት በከንፈሬ።

ሁሉንም ነገርኳት። ቀዩን ክር፣ ኪሱን፣ ትከሻዋን መታ ማድረጉን፣ ጥጡን አውጥቶ ያናገራት መሆኑን። እሷንም እንዳሰበ ነገርኳት። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሲስተር የደም ግፊት መለኪያውን ይዛ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ታያለች።

“ኪሱ ውስጥ” እያልኩ ነበር፤ የመጋረጃው ጫፍ ተገለጠ።

አፌ እንደ ተከፈተ ቀረ።

አየኝ። ልጄን አየ። ፊቱ አልተለወጠም፤ ሁልጊዜ የሚቀልድበት ፊት ነው። ድምፅ ሳያወጣ፣ “ለካ ታነባለህ” አለኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ፣ ጆሮውን በጣቱ ነካ አደረገ።

መጋረጃውን መለሰው። ጫማው ግን አልሄደም። ከጨርቁ ሥር፣ ትውከቴ ላዩ ላይ እንዳለ፣ ጫፉን ወደ እኛ አድርጎ ቆሟል። የምሰማው ነገር የለም። ያንን ጫማ ብቻ አያለሁ። ሲስተር ልጄ ያንሾካሾከችላትን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ቢሆንም መቀሱን ከሳሕኑ ላይ አነሣች።

ጫማው ዞረ። ሄደ።

ሲስተር በሩን ቆለፈች። እኔን አስነሥታ አልጋውን ገፍታ በሩ ላይ አስደገፈችና ስልክ ያዘች። እኔ መዳፌን በሩ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ጆሮ የሌለው ሰው በር የሚጠብቀው እንደዚያ ነው። ልጄ ወገቤን ይዛለች።

ትንሽ ቆይቶ እንጨቱ መዳፌ ላይ መታ አለ። አንዴ ብቻ። ሽመና ክፍል ውስጥ ዙርልኝ ለማለት እንደሚደረገው።

ልጄ ሰምታዋለች። ልትጮህ ስትል አፏን ያዝኩት። ሌላ አልመጣም።

ፖሊስ ሲደርስ ውጭ ማንም አልነበረም። መርማሪዋ ጸጉሯ የሸበተ፣ የማትቸኩል ሴት ናት። የምናገረውን ጻፈች። ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ፣ “ዛሬ ምሳ አልበላሁም” አለችኝ።

“እኔም የበላሁት መንገድ ላይ ቀርቷል” አልኳት።

ቀና ብላ ጓደኞቿን አየች። “ተነሡ” አለቻቸው።

ሽመና ክፍል ውስጥ አገኙት። ፈረቃው እየሠራ ነበር። የመሣሪያ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ፣ ከብሎን ማስቀመጫዎች ኋላ አንዲት የቆርቆሮ ጣሳ እያወጣ ነበር። ሊያመልጥ ይችል ነበር፤ ጣሳዋን ትቶ መሄድ ግን አልሆነለትም። ማሽኑ ስለሚጮህ ሲገቡ አልሰማቸውም። አንዱ ፖሊስ ከኋላው ቀርቦ ትከሻውን ነካው፤ እዚያ የነበሩ ሸማኔዎች እንደ ነገሩኝ፣ ፈገግ ብሎ ነው የዞረው። ጣሳዋ ውስጥ የሁሉም ጥጥ ነበር። ቀዩ ግን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር።

ጥጡን ለእናቷ ያሳዩአት ቀን እኔና ልጄ አብረናት ነበርን። ጠረጴዛው ላይ በነጭ ወረቀት አስቀመጡላት። እንድትነካው አልፈቀዱላትም። ለረጅም ጊዜ አየችው።

“ሹራቤ ነው” አለች። “የእጅጌው ክር።”

ወደ ቤት ስንመለስ በሩ ላይ ቆመች። ፊቷን ወደ እኔ አቅንታ፣ እንዳላመልጣት ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

“አንተ አፉ ላይ አይተሃል። ስለ ልጄ ምን አለ? ሰምታዋለች? ያን ክፉ ድምፅ ሰምታ ነው የሞተችው?”

ልጄ ከጎኗ ቆማ ከንፈሬን ታያለች። ከመጋረጃው ኋላ ሁሉንም የነገርኳት እሷ ናት።

“አልሰማችም” አልኩ። “ጥጡ ጆሮዋ ላይ ነበር። ከኋላ መጣባት፣ ምንም አልሰማችም። እሱ ራሱ ነው ያለው።”

እናቷ ወደ ልጄ ዞረች። “እንደዚያ ነው?”

“እንደዚያ ነው እማማ” አለች ልጄ። “አባባ ከንፈር ላይ አይሳሳትም።”

እናቷ አንገቷን ነቀነቀች። “እንኳን አልሰማችኝ” አለች። “እንኳን አላወጣችው።”

ገብታ በሩን ዘጋች። እኔና ልጄ በመጋዘኖቹ በኩል ሳይሆን በዙሪያው መንገድ ሄድን። ከኋላችን የሚመጣ ሰው እንዳለ የምትሰማው እሷ ስለሆነች፣ ክንዷን ይዤ፣ ፊቷን ፊቷን እያየሁ ሄድኩ።